መድፉ ለምን ዝም አለ? ስለ ሬዛንግ ላ ውጊያ ለቀረበ ጥያቄ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «በ1962 በህንድና በቻይና የድንበር ጦርነት ሬዛንግ ላ በሚባል ተራራ ላይ አንድ የህንድ ሻምበል ተዋግቶ ተዋግቶ አለቀ ሲባል ሰማሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። ህንድ መድፍ እያላት ለምን አልደረሰችላቸውም? ማፈግፈግ እየቻሉ ለምን እዚያው ቀሩ? ከአንድ ሺህ በላይ ቻይናዊ ገደሉ የሚባለውስ እውነት ነው? ቦታው ዛሬ በማን እጅ ነው?»

የመድፉ ጥያቄ ብዙ ቦታ ይወስድብኛል። በሙያዬ መድፈኛ ነበርኩና ይቅር ይበሉኝ። ሌሎቹን ባጭር ባጭሩ አልፋቸዋለሁ።

መጀመሪያ ጠቡ ከየት እንደመጣ እንይ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ሁለቱ አገሮች የሚጣሉት በሁለት ግንባር ነበር። በምሥራቅ በ1914 የተሰመረው የማክማሆን መስመር አለ፤ ቻይና አልቀበልም ትላለች። በምዕራብ ደግሞ አክሳይ ቺን የሚባል ሰው የማይኖርበት ከፍተኛ ሜዳ አለ። ቻይና ሺንጂያንግን ከቲቤት የሚያገናኝ መንገድ በዚያ አሳልፋ በ1957 ጨረሰች። ህንድ የነቃችው ዘግይታ ነው። በ1959 ዳላይ ላማ ሸሽተው ህንድ ሲገቡ ነገሩ ከረረ። ከ1961 መጨረሻ ጀምሮ ህንድ አወዛጋቢው መሬት ላይ ትንንሽ የጦር ጣቢያ እየተከለች ወደፊት መጠጋት ያዘች። ከጀርባቸው በቂ ጦርም ስንቅም አልነበረም። ቻይና ኦክቶበር 20 ቀን 1962 በሁለቱም ግንባር አጠቃች። ዓለም በዚያ ሳምንት ስለ ኩባ ሚሳይሎች እየተጨነቀ ነበር፤ ሂማላያን ዞር ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ቹሹል። ቹሹል በምዕራቡ ግንባር፣ በህንድ ሰሜን ጫፍ ባለው ላዳክ ውስጥ ያለ ሰፊ ሸለቆ ነው። ሸለቆ ስል እንዳይታለሉ፤ ወለሉ ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,300 ሜትር ያልፋል። ውስጡ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። የላዳክ ዋና ከተማ ሌህ የምትጠበቀው በዚህ በኩል ነው። ሸለቆውን የያዘው 114ኛ እግረኛ ብርጌድ ነበር። አዛዡ ብርጋዴር ራይና ናቸው፤ ኋላ የህንድ ጦር ኤታማዦር ሹም ሆነዋል። በምሥራቅ በኩል ገዢ መሬቱ ሁሉ የተራራ ሰንሰለት ነው። መሀሉ ላይ ስፓንጉር የሚባል ክፍተት አለ። ታንክ ሊገባበት የሚችለው በዚያ ብቻ ነው።

ህንድ ቻይና በዚያ ክፍተት ትመጣለች ብላ ፈራች። ስለዚህ ቀላል ታንኮችን በአንቶኖቭ ማመላለሻ አውሮፕላን ጭና ቹሹል አወረደች። በዚያ ከፍታ ታንክ በአየር ማውረድ በ1962 ቀላል ሥራ አይደለም። ቻይና ግን በክፍተቱ አልመጣችም። ተራራ ተራራውን መጣች።

ከሰንሰለቱ ደቡብ ጫፍ፣ ከሌላው ጦር ተነጥሎ ያለው ሬዛንግ ላ ነው። ከፍታው ወደ 5,000 ሜትር ይጠጋል። የእኛ ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ ነውና እነዚህ ሰዎች ምሽግ የያዙት ከራስ ዳሽን ጫፍ በላይ ነው ማለት ነው። ያንን ተረተር እንዲጠብቅ የተሰጠው ለ13ኛው የኩማዎን ሻለቃ ጦር ቻርሊ ሻምበል ነበር። የሰው ቁጥሩ 120 ገደማ ነው። አዛዡ ሻለቃ ሻይታን ሲንግ ይባላሉ። የጆድፑር አካባቢ ተወላጅ ሲሆኑ ዕድሜያቸው 37 ነበር።

ወደ መድፉ እንምጣ። መድፍ ነበር። ቹሹል ሸለቆ ውስጥ ባለ 25 ፓውንድ የእንግሊዝ መድፎች ተተክለው ነበር። በውጊያው ዕለት ጠዋት፣ በዚያው ሰንሰለት ጉሩንግ ኮረብታ ላይ ለነበሩት ጉርኻ ለሚባሉት የኔፓል ተወላጅ ወታደሮች ተኩሰዋል። ለሬዛንግ ላ ግን አልቻሉም። በመድፎቹና በሻምበሉ መካከል ሌላ ተራራ ቆሞ ነበር።

ይሄ ለብዙ ሰው ሰበብ ይመስለዋል። «መድፍ ተራራ አሻግሮ አይመታም እንዴ?» ይላሉ። ይመታል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። የመድፍ ጥይት ሽቅብ ወጥቶ፣ ጎብጦ ነው የሚወርደው። መሀል ላይ ተራራ ካለ ጫፉን ማለፍ አለበት። ካለፈ በኋላ ደግሞ ወዲያው ቁልቁል መውረድ ይኖርበታል። ከቤት ጀርባ የተኛ ውሻን በጣሪያ አሻግረው በድንጋይ ለመምታት ይሞክሩ። ድንጋዩ ይሻገራል፤ ውሻው ግድግዳው ሥር ከተኛ ግን አይነካውም። ለዚህ ሥራ ጥይቱን በቁሙ ሽቅብ ልኮ በቁሙ የሚያወርድ መሣሪያ ያስፈልጋል። ባለ 25 ፓውንዱ መድፍ አፈሙዙ ከ45 ዲግሪ በላይ አይነሣም። ጎበዝ መድፍ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜዳ ላይ ተዓምር ሠርቷል። ለሂማላያ ግን አልተሠራም።

ሌላም ጣጣ አለ። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ጥይቱን የሚይዘው ነገር ይቀንስና ከሠንጠረዡ በላይ ርቆ ይሄዳል። ሠንጠረዡ ደግሞ ለሜዳ የተሰላ ነው። ስለዚህ ዓይቶ የሚያርም ታዛቢና የማይቋረጥ መገናኛ ከሌለ ወገንን መምታትም አለ።

ይህ ሁሉ የውጊያው ዕለት ድንገት የተገኘ ነገር አይደለም። ካርታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ለምን አንድ ሻምበል ከመድፍ ጥላ ውጭ አስቀመጡ? የእኔ ግምት ይሄ ነው፦ ቦታውን ባዶ መተው አልተቻለም፤ በሬዛንግ ላ በኩል የመጣ ጠላት የብርጌዱን ጎን ያገኛል። መድፉን ደግሞ ሬዛንግ ላን ወደሚያይ ቦታ ማዞር ሌላውን ግንባር ራቁቱን ያስቀራል። የመድፉ ቁጥር ትንሽ ነው፣ መንገድ የለም። ብርጌዱ ከሁለት መጥፎ ምርጫ አንዱን መረጠ። ዋጋውን ቻርሊ ሻምበል ከፈለ። ጥፋተኛ ከተፈለገ ቹሹል ላይ አይገኝም። ዴልሂ ሆኖ ጣቢያ ትከሉ እያለ መድፍና መንገድ ያላዘጋጀው ነው ተጠያቂው።

ስለዚህ ሻምበሉ የነበረው ከባድ መሣሪያ ሞርታር ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ መትረየስና ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ። ሊ ኤንፊልድ በየተኩሱ መቀርቀሪያውን ስቦ ማጉረስ ይፈልጋል። ፊት ለፊታቸው የመጣው ጦር ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃና የደጋፊ መሣሪያ ብዛት ነበረው። ከምሽጋቸው ፊት ፈንጂ አልተቀበረም። ምሽግ ስል ደግሞ ድንጋይ ካብ ማለቴ ነው። መሬቱ በብርድ ጠጥሮ ዶማ አይቀበልም።

ወታደሮቹ የቆላ ልጆች ነበሩ። ከዴልሂ አጠገብ ካሉት ከሬዋሪ፣ ከጉርጋዎንና ከማሄንድራጋር ገጠር የመጡ የአሂር ገበሬ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ በረዶ በቅጡ ሳያዩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እዚያ ተራራ ላይ ወጡ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ኦክስጅኑ ከባሕር ጠለል ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ውኃ በ83 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ምስር ጥደው ቢውሉ አይበስልም። አንድ ጀሪካን ውኃ ከታች ተሸክሞ መውጣት ሰውን ለግማሽ ቀን ያደክማል። በጓንት ጠመንጃ ማጉረስ አስቸጋሪ ነው፣ ጓንት ሲያወልቁ ደግሞ ብረቱ ቆዳ ይይዛል። ስለ ውጊያው ሲወራ ይሄ ክፍል ይዘለላል። ለእኔ ግን ግማሹ ውጊያ ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን የነበሩ የህንድ መኮንኖች ለእኛ ጦር እንግዳ አይደሉም። የሐረር ጦር አካዳሚ ሲቋቋም ያስተማሩትም የመሩትም እነሱ ናቸው። አካዳሚውን የመሩት ብርጋዴር ሮሊ በዚሁ በ1962 ጦርነት በምሥራቁ ግንባር ዋሎንግ ላይ 11ኛ ብርጌድን አዋግተዋል። ከሐረር የተመረቁ የቀድሞ መኮንኖቻችን ስማቸውን ሳይሰሙ አይቀሩም።

ውጊያው የተከፈተው እሁድ ኖቬምበር 18 ንጋት ላይ ነው። በእኛ ኅዳር 9 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ትንሽ በረዶ ይጥል ነበር። ቻይናዎቹ በመድፍ ሳያስጠነቅቁ በጨለማ፣ በዝምታ በሰርጦቹ ውስጥ ሽቅብ ወጡ። ከምሽጉ ፊት የተቀመጡት ቃፊሮች ግን ነቁባቸው። ስለዚህ ድንገተኛው ነገር ከሸፈ። ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ የመጀመሪያው ማዕበል በፊት ለፊት በኩል ሲመጣ መቶዎቹ (ሻምበሉ የተከፈለባቸው ሦስት ክፍሎች) ጣታቸውን ቃታ ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር። እስኪቀርብ ታገሱ። ከዚያ መትረየሱም፣ ጠመንጃውም፣ ሞርታሩም ባንዴ ተከፈተ። ሰርጥ ውስጥ ያለ እግረኛ መበተኛ ቦታ የለውም። የመጀመሪያው ጥቃት እዚያው ተሰበረ።

ቻይናዎቹ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ማንም የሠለጠነ ጦር የሚያደርገውን ነው። ወደ ኋላ ብለው ድንጋይ ካቡን በመድፍ፣ በሞርታርና በጸረ ታንክ መሣሪያ አንድ በአንድ ይመቱት ጀመር። የስልኩ ሽቦ ተበጣጠሰ፣ ሬዲዮውም ዝም አለ። ከዚያ በፊት ለፊት የሚያስመስል ጥቃት እያሳዩ ዋናውን ኃይል ቆረጣ አስገብተው በጀርባ መጡ። ሦስቱ መቶዎች በተረተሩ ላይ ተራርቀው ነው የተቀመጡት። ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መሬት ለ120 ሰው ብዙ ነው። አንዱ መቶ ሌላውን በተኩስ መሸፈን አልቻለም። አንድ በአንድ ተበሉ። መጨረሻው ላይ ነገሩ የጨበጣ ውጊያ ሆነ።

ሻለቃ ሻይታን ሲንግ በዚህ ሁሉ መሀል ከመቶ ወደ መቶ እየተዘዋወሩ ያዋጉ ነበር። በዚያ ከፍታ ሃምሳ ሜትር መሮጥ ሳንባን ያቃጥላል፤ እሳቸው በተኩስ ውስጥ ነው የሚመላለሱት። መጀመሪያ ክንዳቸውን ተመቱ። ቀጥሎ ሆዳቸውን በመትረየስ። ወታደሮቻቸው ተሸክመው ሊያወጧቸው ሞከሩ። ተሸካሚዎቹ ላይ ተኩስ ሲበዛ እሳቸው «ተዉኝ፣ ሂዱ» ብለው አዘዙ። አንድ ትልቅ ድንጋይ ጥግ አስደግፈዋቸው ሄዱ። የህንድን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ፓራም ቪር ቻክራን ከሞቱ በኋላ ተሸለሙ። ከሻምበሉ ሌሎች ስምንት ሰዎች ቪር ቻክራ አግኝተዋል።

ለምን አላፈገፈጉም? «እስከ መጨረሻው ሰው» የሚለው ነገር ሲነገር ቁጭ ብለው የመከሩበትና የወሰኑት ያስመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። መጀመሪያ ነገር መገናኛው ከተቆረጠ በኋላ ልቀቁ ብሎ የሚያዛቸው የለም። ሁለተኛ፣ ጠላት በጀርባ ገብቷል። በጠራራ ብርሃን፣ ቁስለኛ ተሸክሞ፣ መሸሸጊያ በሌለው ዳገት ቁልቁል ማፈግፈግ በጀርባ መመታት ነው። ምሽግ ውስጥ መቆየት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ወታደር ሞኝ አይደለም። ሦስተኛውን ግን ውትድርና የቀመሰ ያውቀዋል። ሻምበሉ የአንድ አካባቢ ልጆች ስብስብ ነው። አጠገብህ ያለው የጎረቤት ልጅ፣ የአማትህ ወንድም፣ የአብሮ አደግህ ታናሽ ነው። ትተኸው ብትሄድ ሰፈር ስትመለስ ለእናቱ ምን ትላለህ? እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ጦሩን በብሔርና በአውራጃ ያደራጁት ለራሳቸው ጥቅም ነበር፤ ሬዛንግ ላ ላይ የሠራው ግን ይሄ ትስስር ነው።

ከ120 ገደማ ሰው ከ110 በላይ ሞተ። በሕይወት የወረዱት በጣት የሚቆጠሩ ቁስለኞች ናቸው። ተማርከው ያመለጡም አሉ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ሲናገሩ ያመናቸው ጥቂት ነው። በዚያ ሰሞን የህንድ ጦር በምሥራቁ ግንባር እየተፍረከረከ ነበር። አገሩ በሐፍረት ውስጥ ነው። «አንድ ሻምበል ሙሉ ተዋግቶ አለቀ» ሲባል «ሸሽተው ይሆናል፣ እጅ ሰጥተው ይሆናል» የሚለው ሐሜት ቀደመ።

ሐሜቱን ያቆመው ብርዱ ነው። ውጊያው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1963 አንድ የአካባቢው እረኛ ተራራው ላይ ሲደርስ ሬሳዎቹን አየ። ብርጋዴር ራይና በቀይ መስቀል ባንዲራ ሥር ቡድን ይዘው ወጡ። በረዶው ሁሉንም እንደነበረ አቆይቶታል። ሰዎቹ በድንጋይ ምሽጋቸው ውስጥ፣ ጠመንጃቸውን እንደያዙ ነበሩ። ብዙዎቹ የተመቱት ከፊት ነው። አንዱ የሞርታር ተኳሽ ቦምቡን በእጁ ይዞ ሊያጎርስ ሲል ቀርቷል። የሕክምና ረዳቱ አንድ እጁ ላይ መርፌ፣ ሌላው ላይ ፋሻ ነበር። ሻለቃው የተገኙት የተደገፉበት ድንጋይ ጥግ ነው። በዚያ ዙር የ96 ሰው አስከሬን ተሰበሰበ። ቹሹል ላይ በወታደራዊ ክብር ተቃጠሉ፤ የሻለቃው አስከሬን ወደ ጆድፑር ተወሰደ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ የሞርታሩ ሂሳብ ነው። ተራራው ላይ ከወጣው 1,000 ገደማ የሞርታር ቦምብ ሳይተኮስ የቀረው 7 ብቻ እንደነበር ተመዝግቧል። ይህ ቁጥር ከማንኛውም ሜዳይ በላይ ይናገራል። ሞርታር ምድብ ተረጋግቶ ካልሠራ ያን ያህል አይተኮስም። ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ አቀባይ፣ ርቀት የሚነግር ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተካ መሥራት አለበት። የሸሸ ጦር ቦምቡን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ የደነገጠ ጦር ደግሞ ያልተፈታ ሣጥን ይተርፈዋል። እዚህ ሣጥኑ ባዶ ነው።

የቻይናን ሙታን ቁጥር በተመለከተ ግን ቀዝቀዝ ማለት ያስፈልጋል። በህንድ በኩል ከ500 እስከ 1,300 የሚደርስ ቁጥር ይጠራል። ቻይና በበኩሏ በጠቅላላው ጦርነት፣ በሁሉም ግንባር፣ የሞተብኝ 722፣ የቆሰለብኝ 1,697 ሰው ነው ብላለች። ቻይና ቀንሳለች ብለን እጥፍ እናድርገው። 1,444 ይሆናል። ታዲያ 1,300ው አንድ ተረተር ላይ ሞቶ ለዋሎንግ፣ ለሴ ላ፣ ለጉሩንግና ለሌላው ግንባር ሁሉ የሚቀረው 144 ነው ማለት ነው። አይሆንም። በሰርጥ ውስጥ የተያዘ እግረኛ ላይ አንድ ሺህ ቦምብ ሲወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሙትና ቁስለኛ ቢኖር አይገርመኝም። ከዚያ በላይ ያለው የቁጭት ቁጥር ነው። ለሻምበሉ ክብርም አያስፈልግም።

«ቹሹልን አዳኑ» የሚለውም እንዲሁ በጥንቃቄ ይታይ። በዚያው ዕለት ጉሩንግ ኮረብታም ላይ ከባድ ውጊያ ነበር። ብርጌዱ በማግስቱ ከከፍታዎቹ ለቆ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። ቻይናዎቹ ግን ወደ ሸለቆው አልወረዱም። ቻይና የኔ ነው የምትለው መስመር የሚያልፈው በእነዚያ ተራሮች ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። በኖቬምበር 21 ቻይና በራሷ ተኩስ ማቆሟን አወጀች። ከሬዛንግ ላ ሦስት ቀን በኋላ ነው። አክሳይ ቺንን ይዛ ቀረች፣ በምሥራቅ የያዘችውን ግን ለቀቀች። የቻርሊ ሻምበል ውጊያ ሸለቆውን አዳነ የሚል ማስረጃ የለም። ብርጌዱ በጎኑ ሳይቆረጥ፣ መድፉንና ታንኩን ይዞ እንዲወጣ ጊዜ ሰጥቷል ቢባል ግን ያስኬዳል፤ እኔም ቢጠይቁኝ እንደዚያ ነው የምለው።

ቦታውስ ዛሬ? ሬዛንግ ላ ያለው ሁለቱ አገሮች «የተጨባጭ ቁጥጥር መስመር» በሚሉት ድንበር ላይ ነው። ለብዙ ዓመት ቋሚ ጦር አልነበረበትም። በጁን 2020 ላዳክ ላይ እንደገና ደም ሲፈስ የህንድ ጦር በኦገስት መጨረሻ ሌሊት ወጥቶ ሬዛንግ ላንና አጎራባች ጫፎቹን ያዘ። ታንኮች ጥቂት መቶ ሜትር ተራርቀው ተፋጠጡ። በፌብሩዋሪ 2021 በስምምነት ሁለቱም ወደ ኋላ ተመለሱ፤ መሀሉ ማንም የማይቆምበት መሬት ሆነ። ታች ሜዳው ላይ ያለው ዋናው መታሰቢያ ታድሶ በኖቬምበር 18 ቀን 2021 ተመርቋል። ተራራው አጠገብ፣ የሻለቃው አስከሬን የተገኘበት ቦታ ላይ ሌላ ትንሽ መታሰቢያ ነበረች። እሷ ግን ጦሩ በለቀቀው ክልል ውስጥ ስለወደቀች መፍረሷን የአካባቢው የቀድሞ የምክር ቤት አባል በ2023 መጨረሻ ላይ ተናግረዋል።